ናኖ ተብሎ የተገዛ ቦርድ ኮድ አልቀበልም አለ፤ ቺፑን እንዴት ልለየው?

ጮቄ ግርጌ | ደብረ ማርቆስ | ማክሰኞ ማታ 1፡40

ሰላም ለሁላችሁ። የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን እየሠራሁ ነው። ሙቀቱን 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይይዛል፣ እንቁላሉን በየ2 ሰዓቱ ያዞራል፣ የቀረውን ቀን ደግሞ በትንሽ ኦሌድ ስክሪን ያሳያል። ኮዱን በጓደኛዬ አርዱይኖ ኡኖ (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) ላይ ሞክሬው በደንብ ሠርቷል። ለማሽኑ ግን አነስ ያለ ቦርድ ስለሚሻል አርዱይኖ ናኖ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ቦርዱን ስሰካው መብራቱ ይበራል። ላፕቶፑም ኮም ፖርት ያሳየኛል። ኮድ ልጫን ስል ግን ትንሽ ቆይቶ "ኖት ኢን ሲንክ" የሚል ቀይ ጽሑፍ ይደረድራል። ኬብል ቀየርኩ፣ ድራይቨሩንም እንደገና ጫንኩ፤ ያው ነው። በአርዱይኖ ፕሮግራሙ ቱልስ ማውጫ ውስጥ ቦርዱን "አርዱይኖ ናኖ" ብያለሁ። ፕሮሰሰር የሚለው ላይ 328ፒ ተመርጧል።

ቦርዱን ገልብጬ ቺፑን ሳየው "ሲኤች340ጂ" ይላል። ይህን ስም ፕሮሰሰር ዝርዝሩ ውስጥ አጣሁት። ምን ልምረጥ? ቦርዱን መመለስ ይከብደኛል፤ ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ነው።


ጣና ዳር | ባሕር ዳር | ማክሰኞ ማታ 2፡05

ሲኤች340ጂ ማይክሮኮንትሮለር (ኮዱን የሚያስኬደው ዋናው ቺፕ) አይደለም ወንድሜ። ዩኤስቢውን ወደ ሴሪያል የሚቀይር ቺፕ ነው። ላፕቶፕህ ኮም ፖርት ያሳየህ በእሱ ምክንያት ነው። ስለዚህ ኬብሉም ድራይቨሩም ደህና ናቸው ማለት ነው፤ እነሱን ተዋቸው።

ዋናው ቺፕ ከላይ በኩል ነው። አራት ማዕዘን ሆኖ በሰያፍ የተቀመጠ፣ በአራቱም ጎን ስምንት ስምንት እግር ያለው። እሱ ላይ ምን ተጽፏል? ፎቶውን ለጥፈው።

እስከዚያው ፕሮሰሰር ውስጥ "328ፒ ኦልድ ቡትሎደር" የሚለውን ሞክር። ገበያ ላይ ካሉት ናኖዎች ብዙዎቹ በእሱ ይከፈታሉ።


ጮቄ ግርጌ | ደብረ ማርቆስ | ማክሰኞ ማታ 2፡30

ኦልድ ቡትሎደርም እምቢ አለ። ላይ ያለው ቺፕ ጥቁር ነው፤ ምንም ጽሑፍ አይታየኝም። በስልክ ካሜራ አቅርቤም አልታይ አለኝ።


መምህር ዘብር ሸለቆ | ፍኖተ ሰላም | ማክሰኞ ማታ 3፡10

ልጄ፣ ጽሑፉ ላይኖር ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አለ። በሌዘር የተጻፈ ስለሆነ በቀጥታ ብርሃን አይታይም። እኛ በትምህርት ቤት ክበባችን የምናደርገውን ልንገርህ። ነጭ ጠመኔ ውሰድ። የቺፑን ጀርባ በስሱ ቀባው። ከዚያ በጣትህ ጠረግ አድርገው። ዱቄቱ ፊደሎቹ ውስጥ ይቀራል። አሁን የስልክህን ባትሪ መብራት ከጎን ዝቅ አድርገህ አብራና ፎቶ አንሳ። ቺፑ ቅባት ከነካው መጀመሪያ በአልኮል አጽዳው።

ቦርዱ ከኃይል ተነቅሎ ይሁን። ሲያልቅም የጠመኔውን ዱቄት በብሩሽ አራግፈው።


ጮቄ ግርጌ | ደብረ ማርቆስ | ረቡዕ ጠዋት 1፡20

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ወጣ። "አትሜል" ይላል፣ ከሥሩ "ሜጋ168ፒኤ"፣ ቀጥሎ "ኤዩ"። ፎቶውን አያይዣለሁ።


ፈጣን ብየዳ | ዳንግላ | ረቡዕ ጠዋት 1፡35

168 እና 328 አንድ ቤተሰብ ናቸው። ኤቪአርዱድን (ኮዱን ወደ ቺፑ የሚጭነውን ፕሮግራም) የቺፑን ፊርማ አትይ የሚያሰኘው የማስገደጃ ምርጫ አለ። እሱን ጨምረህ 328ፒ እንደሆነ አድርገህ ጫነው፤ ያልፋል።


ጣና ዳር | ባሕር ዳር | ረቡዕ ጠዋት 2፡15

ፈጣን ብየዳ፣ በዚህ አልስማማም። ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው፤ ይህ ጥያቄ እዚህ ቤት በየጊዜው ይመጣል።

ከስሙ ልጀምር። ናኖ የቦርድ ስም ነው። የቺፕ ስም አይደለም። የናኖ ቀደምት ስሪቶች በ168 ነበር የወጡት፤ 3.0 የሚባለው ነው 328 ይዞ የመጣው። ተመሳስለው የሚሠሩት ደግሞ ዛሬም በሁለቱም ይገኛሉ። ስለዚህ ሻጩ "ናኖ ነው" ሲል ውሸት ተናግሯል አልልም። ግን አንተ የፈለግከው ናኖ አልነበረም። ከአሁን በኋላ ስታስመጣ ሻጩ የቺፑን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ ይላክልህ፤ ገንዘቡን ከዚያ በኋላ ላክ።

"ኖት ኢን ሲንክ" ያለህ ለምንድነው? ቺፑ ውስጥ ቡትሎደር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ቀድሞ ተቀምጧል። ላፕቶፑ ኮዱን የሚያስረክበው ለእሱ ነው። ሁለቱ በአንድ ፍጥነት ካልተነጋገሩ አይግባቡም። አዲሱ የናኖ 328ፒ ቡትሎደር በ115200 ያወራል። አሮጌው በ57600። የናኖ 168 ደግሞ በ19200። አንተ ሁለቱን ሞክረሃል። ሦስተኛው እዚያው ዝርዝር ውስጥ ከሥር አለልህ፤ "ኤቲሜጋ168" የሚለውን ምረጥና ጫን። መጀመሪያ ግን ብሊንክን (የቦርዱን መብራት የሚያበራና የሚያጠፋውን የሙከራ ኮድ) ጫን እንጂ የማሽኑን ኮድ አይደለም።

አሁን ወደ ማስገደጃው። ኤቪአር ቺፖች (168ም 328ም ያሉበት ቤተሰብ) ሦስት ባይት ፊርማ፣ ማለትም ዓይነታቸውን የሚነግር ቁጥር፣ አላቸው። የመጀመሪያው 1ኢ ነው፤ አትሜል ማለት ነው። (አትሜልን ማይክሮቺፕ በ2016 ገዝቶታል፤ ፊርማው ግን እንደነበረ ቀጥሏል።) ሁለተኛው የፍላሹን (ኮዱ የሚቀመጥበትን ቦታ) መጠን ይነግርሃል። 93 ከሆነ 8 ኪሎባይት፣ 94 ከሆነ 16፣ 95 ከሆነ 32። ሦስተኛው ሞዴሉን ይለያል። 328ፒ 1ኢ 95 0ኤፍ ነው። 168 1ኢ 94 06 ነው። 168ፒኤ 1ኢ 94 0ቢ። ኤቪአርዱድ "የጠበቅኩት ፊርማ ይህ አይደለም" ብሎ ሲቆም ቆም ብለህ እንድታይ ነው እንጂ ሊያስቸግርህ አይደለም።

አስገድደህ ብትጭን ፍላሹ አይጨምርም፤ ራሙም (ኮዱ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ቦታ) አይጨምርም። 328ፒ 2 ኪሎባይት ራም አለው፣ 168 ግን 1 ብቻ። ለ328ፒ የተዘጋጀ ኮድ ሲነሳ ራሙ የሚያልቅበትን አድራሻ በ328ፒ ልክ ነው የሚቆጥረው። 168 ላይ ያ አድራሻ የለም። ስለዚህ ጭነቱ "ተሳካ" ይላል፣ ቦርዱ ግን ይሞታል ወይም እንደ እብድ ይሆናል። ያኔ ችግሩ ከኮዱ ይሁን ከቺፑ መለየት አትችልም።

ፊውዝ (የቺፑን አሠራር የሚወስነውን ቅንብር) የምትነካ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። የቡትሎደሩን ስፋት የሚወስኑት ቢቶች 328ፒ ላይ ሀይ ፊውዝ ውስጥ ናቸው፤ 168 ላይ ኤክስቴንድድ ፊውዝ ውስጥ። የአንዱን ቁጥር ለሌላው ከሰጠህ ያላሰብከውን ነው የምታዘው።

አንድ ነገር ልጨምር። በዩኤስቢ በኩል የምታየው ፊርማ የቺፑ ራሱ ላይሆን ይችላል። ቡትሎደሩ ሲሠራ የተጻፈበትን ቁጥር ነው የሚመልሰው። ለዚህ ነው 168ፒኤ ያለው ናኖ "168" ተብሎ ያለ ችግር የሚጫነው። እውነተኛውን ፊርማ ከቺፑ ማንበብ ከፈለግክ በአይኤስፒ መንገድ፣ ማለትም ቡትሎደሩን ትተህ ቺፑን በገመድ በቀጥታ በማግኘት፣ መሄድ አለብህ። ዩኤስቢኤኤስፒ የሚባለው መጫኛ መሣሪያ ካለህ እሱ፤ ከሌለህ የጓደኛህ ኡኖ ይበቃል። ኡኖው ላይ ኤግዛምፕልስ ውስጥ ያለውን "አርዱይኖ አይኤስፒ" ጫን። ከዚያ የኡኖውን 10 ቁጥር እግር ወደ ናኖው ሪሴት፣ 11 ወደ 11፣ 12 ወደ 12፣ 13 ወደ 13፣ 5 ቮልትና ግራውንድ ወደየቢጤያቸው። ኡኖው ራሱ ሪሴት እንዳያደርግ በሪሴቱና በግራውንዱ መካከል 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አስገባ። ኮዱን ከጫንክበት በኋላ አስገባ እንጂ ከዚያ በፊት አይደለም፤ አለበለዚያ ኡኖውም ኮድ አይቀበልም።


ፈጣን ብየዳ | ዳንግላ | ረቡዕ ጠዋት 3፡00

የራሙን ነገር አላሰብኩትም ነበር። አመሰግናለሁ፤ የኔን ምክር ተወው ጮቄ።


ጮቄ ግርጌ | ደብረ ማርቆስ | ረቡዕ ማታ 1፡15

መብራት ስለጠፋ ዘገየሁ። 168 ብዬ መረጥኩ፣ ብሊንክ ወዲያው ተጫነ! ደስታዬን ልገልጸው አልችልም።

ግን የማሽኑን ኮድ ስሞክር "ኮዱ በዛ" አለኝ። የማልፈልጋቸውን ፊደሎችና ሥዕሎች አውጥቼ አሳነስኩት። ተጫነ። አሁን ደግሞ ኦሌዱ ባዶ ነው። የስክሪኑን ገመድ አይቻለሁ፣ ትክክል ነው። ኡኖው ላይ ያው ስክሪን ይሠራል።


ጣና ዳር | ባሕር ዳር | ረቡዕ ማታ 1፡50

ስክሪንህ 128 በ64 ነው አይደል? እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ቢት ነው። 128 ሲባዛ በ64፣ ሲካፈል ለ8፣ 1024 ባይት ይሆናል። የምትጠቀምበት ላይብረሪ (ስክሪኑን የሚያሠራው ዝግጁ ኮድ) ሙሉውን ሥዕል ራም ውስጥ ይይዛል። የ168 ራም ጠቅላላው 1024 ባይት ነው። ለስክሪኑ ከሰጠኸው ለሌላው ምንም አልተረፈም፤ ስለዚህ ላይብረሪው ቦታ አጥቶ ስክሪኑን አላስጀመረውም።

ፍላሹም ከዚያው ነው። ናኖ 168 ላይ ቡትሎደሩ ቦታውን ከወሰደ በኋላ ለኮድ የሚቀርህ 14336 ባይት ነው። 328ፒ ላይ 30720 ነበር።

ሁለት መንገድ አለህ። ዩ8ጂ2 የሚባለው ላይብረሪ ውስጥ ዩ8ኤክስ8 የሚል ክፍል አለ። ጽሑፍ ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ሥዕል ራም ውስጥ አይዝም። ለሙቀት፣ ለእርጥበትና ለቀን ቆጠራ ከበቂ በላይ ነው። ወይም ኦሌዱን ትተህ 16 በ2 የሆነውን ኤልሲዲ አድርግ። እኔ ብሆን ዩ8ኤክስ8ን እመርጣለሁ፤ ስክሪኑ እጅህ ላይ ነውና።


መምህር ዘብር ሸለቆ | ፍኖተ ሰላም | ረቡዕ ማታ 2፡20

ጥሩ ተብራርቷል። ለልጆቼ የማሳያቸውን ልጨምር። በቺፕ ስም መጨረሻ ላይ ያሉ ፊደሎች ዝም ብለው የተጻፉ አይደሉም። "ኤዩ" ሲል ባለ 32 እግሩ ጠፍጣፋው ነው። "ፒዩ" ሲል ባለ 28 እግሩ፣ ሶኬት ላይ ነቅለህ የምትተክለው።

ኤስቲኤም32 የሚባለው ሌላው የቺፕ ቤተሰብም እንዲሁ ነው። ብሉ ፒል በሚባለው ቦርድ ላይ ያለውን ኤፍ103ሲ8ቲ6 ውሰዱ። ሲ ማለት 48 እግር፣ 8 ማለት 64 ኪሎባይት ፍላሽ፣ ቲ የማሸጊያው ዓይነት፣ 6 ደግሞ ከዜሮ በታች 40 እስከ 85 ዲግሪ የሚሠራ። ይህን ማንበብ የለመደ ተማሪ ከዝርዝር ውስጥ በግምት አይመርጥም።

በተለይ ከ328 ቀጥሎ ያለችው ፒ መኖሯን አረጋግጡ። ፒ የሌለው 328 ፊርማው 1ኢ 95 14 ነው። ፒቢ ያለው 1ኢ 95 16። በአይኤስፒ ስትጭኑ ኤቪአርዱድ ሦስቱን እንደ ሦስት የተለያዩ ቺፖች ነው የሚያያቸው። ሚኒኮር የሚባለውን የቦርድ ፓኬጅ ከጫናችሁ ሦስቱንም ለይቶ ያስመርጣችኋል።


እታለም ጫጩት | ቡሬ | ሐሙስ ጠዋት 2፡40

እኔም መፈልፈያ አለኝ፣ ቦርዱ ግን ፕሮ ሚኒ (ሌላው የአርዱይኖ ቦርድ) ነው። ጠመኔውን ቀብቼ አየሁት፤ 328ፒ ነው። እንደ ጮቄ ቦርድ አላስቸገረኝም፤ ኮዱ ያለ አንዳች ስህተት ይጫናል። የሚገርመኝ ማዞሪያው ነው። በየ2 ሰዓቱ ያልኩት ሞተር 4 ሰዓት ገደማ ቆይቶ ነው የሚዞረው። ሴሪያል ሞኒተር (ቦርዱ የሚልከውን ጽሑፍ የሚያሳየውን መስኮት) ስከፍት ደግሞ የማይነበብ ፊደል ይዘረግፍልኛል። ሙቀቱ ግን ልክ ነው። ይህስ ከቺፑ ጋር ይገናኛል?


ጣና ዳር | ባሕር ዳር | ሐሙስ ጠዋት 3፡10

በደንብ ይገናኛል እታለም። እንዲያውም ያንቺ ከጮቄ የከፋ ነው፤ ዝም ብሎ የሚያልፍ ስህተት ነውና።

ፕሮ ሚኒ በሁለት ዓይነት ይመጣል። አንዱ 5 ቮልት ሆኖ በ16 ሜጋኸርዝ ይሮጣል። ሌላው 3.3 ቮልት ሆኖ በ8። ቺፑ ግን ያው 328ፒ ነው፤ ፊርማውም አንድ። የሁለቱም ቡትሎደር በ57600 ስለሚነጋገር የትኛውንም ብትመርጪ ኮዱ ይጫናል። ፕሮግራሙ ግን ጊዜን የሚቆጥረው አንቺ በመረጥሽው ፍጥነት ነው። ቦርዱ የ8 ሆኖ 16 ብለሽ ከመረጥሽ ሁሉም ነገር በእጥፍ ይዘገያል። ሴሪያሉም በግማሽ ፍጥነት ስለሚልክ ፊደሉ ይበላሻል።

ብሊንክን ጫኚና ከስልክሽ ሰዓት ጋር አስተያዪው። አንድ ሰከንድ በርቶ አንድ ሰከንድ መጥፋት ሲገባው ሁለት ሁለት ሰከንድ ከቆየ ቦርዱ የ8 ሜጋኸርዝ ነው። ፕሮሰሰር ዝርዝሩ ውስጥ "328ፒ 3.3 ቮልት 8 ሜጋኸርዝ" የሚለውን ምረጪ። በኮዱ ውስጥ ቁጥሮቹን ለሁለት በማካፈል አታስተካክዪው፤ ሴሪያሉ እንደተበላሸ ይቀራል፣ ነገ ሌላ ሰው ኮዱን ሲያየውም ይሳሳታል።

የ3.3 ቮልት መሆኑ ከታወቀ ደግሞ ቪሲሲ በሚለው እግር 5 ቮልት አትስጪው። 5 ቮልቱን ሮው በሚለው በኩል አስገቢ።


መምህር ዘብር ሸለቆ | ፍኖተ ሰላም | ሐሙስ ጠዋት 3፡45

እታለም፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ማሽንሽ 18ኛው ቀን ላይ ማዞር እንዲያቆም አዘሽዋል? የዶሮ እንቁላል በ21 ቀን ነው የሚፈለፈለው። ከ18ኛው ቀን በኋላ ጫጩቱ አቅጣጫውን ይዞ ለመውጣት ስለሚዘጋጅ መዞር የለበትም። ሰዓቱ በግማሽ ፍጥነት ከሄደ ማሽኑ 18ኛ ቀን የሚለው 36ኛው ቀን ላይ ነው። እስከ መጨረሻው ሲያዞር ይኖራል ማለት ነው።


እታለም ጫጩት | ቡሬ | ሐሙስ ጠዋት 4፡00

አዎ መምህር፣ ቀን ቆጣሪው በዚያው ሰዓት ነው የሚሠራው። ባለፈው ዙር ብዙዎቹ ቅርፊቱ ውስጥ እንዳሉ ቀሩብኝ። ሙቀቱን ነበር የጠረጠርኩት። አሁኑኑ አየዋለሁ።


ድንች መጋዘን | እንጅባራ | ሐሙስ ማታ 1፡30

ክሩ ጠቃሚ ስለሆነ የኔንም እዚሁ ልጠይቅ። ለድንች ማከማቻ ሙቀት መመዝገቢያ ኢኤስፒ32 የሚባል ቦርድ ገዛሁ። "ኢኤስፒ32 ዴቭ ሞጁል" ብዬ ስመርጥ "ይህ ቺፕ ኢኤስፒ32-ሲ3 ነው፣ ኢኤስፒ32 አይደለም" ብሎ ያቆማል። ተሳስቶ ነው?


ጣና ዳር | ባሕር ዳር | ሐሙስ ማታ 1፡45

አልተሳሳተም። ኢኤስፒቱል (ኮዱን የሚጭነው ፕሮግራም) ከመጫኑ በፊት ቺፑን ራሱን ይጠይቀዋል። ኢኤስፒ32፣ ኤስ2፣ ኤስ3፣ ሲ3 ስማቸው ቢመሳሰልም ውስጣቸው ይለያያል። የመጀመሪያው ኢኤስፒ32 በ240 ሜጋኸርዝ የሚሮጡ የኤክስቴንሳ ኮሮች ያሉት ነው። ሲ3 በ160 የሚሮጥ አንድ የሪስክ-ፋይቭ ኮር ነው ያለው። ለአንዱ የተዘጋጀ ኮድ ሌላው ላይ አይሄድም።

"ኢኤስፒ32ሲ3 ዴቭ ሞጁል" የሚለውን ምረጥ። ዩኤስቢው በቀጥታ ቺፑ ላይ ከሆነ "ዩኤስቢ ሲዲሲ ኦን ቡት" የሚለውን አብራው፤ ካላበራኸው ኮዱ እየሠራ ሴሪያል ሞኒተሩ ባዶ ይሆንብሃል። መገናኘት እምቢ ካለ የቡት ቁልፉን ተጭነህ ይዘህ ሪሴቱን ነካ አድርግና ቡቱን ልቀቅ።


ሞጣ ቀራንዮ | ሞጣ | ዓርብ ጠዋት 1፡10

ፒኮ (የራስበሪ ፓይ ትንሽ ቦርድ) ያላችሁ ደግሞ በጣም ይቀላችኋል። ቡትሴል ቁልፉን ይዛችሁ ስትሰኩት ላፕቶፑ ላይ እንደ ፍላሽ ዲስክ ይከፈታል። ስሙ "አርፒአይ-አርፒ2" ካለ የመጀመሪያው ፒኮ ነው፤ "አርፒ2350" ካለ ፒኮ 2። ውስጡ ያለችውን የጽሑፍ ፋይል ብትከፍቱ የቦርዱን መለያ ታገኛላችሁ።


ፈጣን ብየዳ | ዳንግላ | ዓርብ ጠዋት 1፡50

አንድ ጥያቄ። ጠመኔ ቀብቼ "ኤልጂቲ8ኤፍ328ፒ" የሚል ያገኘሁበት ናኖ አለኝ። 328ፒ ስለሚል 328ፒ ነው?


ጣና ዳር | ባሕር ዳር | ዓርብ ጠዋት 2፡20

አይደለም። ሎጂክግሪን የሚሠራው ሌላ ቺፕ ነው፤ ትእዛዞቹ ከአትሜሉ ጋር ይቀራረባሉ። እስከ 32 ሜጋኸርዝ ይሮጣል። የራሱ የቦርድ ፓኬጅ አለው፤ እሱን ጫን። ኢኢፕሮሙ (ኃይል ቢጠፋም ቅንብር የሚቆይበት ቦታ) ለብቻው የቆመ ሳይሆን ከፍላሹ ተቆርሶ የሚሰጥ ነው፤ ኮድህ ቅንብሮችን እዚያ የሚያስቀምጥ ከሆነ ይህን እወቅ። በአይኤስፒ ገመድም አይነበብም፤ ስለዚህ ፊርማ ልፈልግ ብለህ አትድከም።


ጮቄ ግርጌ | ደብረ ማርቆስ | ዓርብ ማታ 2፡00

ዩ8ኤክስ8 ሠርቷል። ሙቀት፣ እርጥበት፣ ቀን፣ ሁሉም ስክሪኑ ላይ አለ። ኮዱም ገባ፤ ቦታም ተረፈ። የእታለምን ካነበብኩ በኋላ የኔንም ብሊንክ ከስልኬ ጋር አስተያየሁት። ልክ ነው፤ 16 ሜጋኸርዝ ነው። ለሁለተኛው ማሽን 328ፒ አዝዣለሁ፤ ሻጩ የቺፑን ፎቶ ቀድሞ ልኮልኛል።


እታለም ጫጩት | ቡሬ | ቅዳሜ ጠዋት 3፡30

የኔ ቦርድ የ8 ሜጋኸርዝ ነበር። መርጫውን ቀየርኩት። ሴሪያሉ ጥርት ብሎ ይነበባል። ማዞሪያውን ትናንት ቀኑን ሙሉ ተከታተልኩት፤ በየ2 ሰዓቱ ይዞራል። አዲስ እንቁላል ነገ አስገባለሁ።


መምህር ዘብር ሸለቆ | ፍኖተ ሰላም | ቅዳሜ ጠዋት 4፡05

ጎሽ የኔ ልጅ። እንቁላሉን ከማስገባትሽ በፊት ማሽኑ ባዶውን ሌሊቱን ይደር። ተራ ቴርሞሜትር ከሰንሰሩ አጠገብ አስቀምጪና ጠዋት ሁለቱን አስተያዪ። 18ኛው ቀን ላይም ማዞሩን በእርግጥ ማቆሙን በዓይንሽ እዪ።